የቮልሷ አሮጊት መብራቶችና አዲሶቹ ምራቶች

ተረት ተረት!

«የላም በረት» አላችሁ? አይሆንም። ዛሬ ላም የለችም። ዛሬ የማወራላችሁ ስለ መኪና ነው፤ ስለዚህ «የመኪና በረት» በሉ። እስቲ እንደገና። ተረት ተረት!

የመኪና በረት!

እንዲያ ነው። ዱሮ ዱሮ፣ ጉም አፍ አውጥቶ በሚያወራበት፣ አምፖል ከአምፖል ጋር በሚኳረፍበት ዘመን፣ ከጣርማ በር ተራራ ሥር፣ ደብረ ሲና ከተማ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ነበረች። አሮጊት ናት። ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጧል፤ አንደኛው በሯ ካልተደበደበ አይዘጋም። ባለቤቷ ጋሽ አምዴ ግን «እሜቴ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ጠዋት ጠዋት «እሜቴ፣ እንዴት አደርሽ?» ይሏታል። እሷም ታስላለች፣ ታስላለች፣ ታስላለች፤ ከዚያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትነሣለች።

አንተ ከኋላ ያለኸው ምን ያስቅሃል? መኪና አይናገርም? ጅብ ሲናገር አፍህን ከፍተህ ሰምተህ የለም እንዴ! ጅብ ተናግሮ መኪና የማይናገርበት ምክንያት የለም። ዝም ብለህ ስማ።

ጋሽ አምዴ ሚስት አሏቸው፤ እትዬ ዘነበች ይባላሉ። የእትዬ ዘነበች ጉልበት ታሟል። የሚኒባስ ደረጃ መውጣት አይችሉም። አንድ ቀን ሞክረው ነበር፤ ረዳቱ ከላይ ሲስብ፣ ተሳፋሪው ከታች ሲገፋ፣ ኀፍረታቸው ከሕመማቸው በልጦ አለቀሱ። እሜቴ ግን ዝቅ ያለች ናት። በሯ ወለል ብሎ ይከፈታል። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ አንዱን እግራቸውን በእጃቸው አንሥተው ያስገባሉ፤ ከዚያ ሌላውን። የሚስብ የለ፣ የሚገፋ የለ።

በየቅዳሜው ሁለቱ ባልና ሚስት ተራራውን ወጥተው፣ ዋሻውን አልፈው ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ። እዚያ የእትዬ ዘነበች ታላቅ እኅት፣ እትዬ ደስታ፣ ከአልጋ ሳይነሡ ይኖራሉ። ሁለቱ እኅትማማቾች ሲገናኙ ምን የሚያደርጉ ይመስላችኋል? ፀጉር ይሠራራሉ። አንደኛዋ የሌላዋን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ሽበቱን ትፈታለች፣ ታበጥራለች፣ ትጎነጉናለች። ልጅ ሳሉም እንዲህ ነበሩ። አሁን እትዬ ደስታ ሌላ የሚያዩት ነገር የላቸውም፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት ቅዳሜን ነው። 

እሜቴም ይኼን ታውቃለች። «የዘነበች እግር እኔ ነኝ» ትል ነበር።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። የእሜቴ የፊት መብራቶች እነሱም እኅትማማቾች ናቸው። የቀኟ ወርቄ፣ የግራዋ ብርቄ ትባላለች። ወርቄ ትናገራለች፤ ብርቄ «እውነቷን ነው» ትላለች። ወርቄ «ዛሬ ይዘንባል» ካለች፣ ብርቄ «እውነቷን ነው» ትላለች። ወርቄ «አይ፣ አይዘንብም» ካለች ደግሞ፣ ብርቄ «እውነቷን ነው» ትላለች። ጠላት የማያውቁ፣ ቢጫ ብርሃን ያላቸው፣ ደጎች።

ግን ደክመዋል። አመሻሽ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን ሲመለሱ፣ ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ ይነሣል፤ ያኔ የወርቄና የብርቄ ብርሃን ከአፍንጫቸው አያልፍም። አባ ባትሪ የሚባሉ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር ሥር ተቀምጠው ለሁሉም ገበታ ያቀርባሉ። ከአንድ ገበታ የፊት መብራት ይበላል፣ የኋላ መብራት ይበላል፣ ፍሬን ሲረገጥ የሚቀላው ስቶፕ ይበላል፣ ፍሬቻው ይበላል። ሁሉም በላተኛ ነው፤ ገበታው ግን አንድ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሲመለሱ የመንገዱ ጠርዝ ጠፋባቸውና የእሜቴ አንድ ጎማ ቦይ ውስጥ ገባ። ሰው ተሰብስቦ ጎትቶ አወጣቸው። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቤት ደረሰ። ልጃቸው አስካል እያለከለከች መጣች።

«አባዬ፣ በቃ!» አለች። «ይቺን መኪና ለቁራሌው እንስጣት። ብረቷን በኪሎ ይውሰደው።»

«አስካልዬ፣ እናትሽስ? በምን ትሄዳለች?»

«ገደል ገብታችሁ ከማለቅስላችሁ፣ እቤት ተቀምጣችሁ ባያችሁ ይሻለኛል!»

ክፉ ልጅ አይደለችም። ፈርታ ነው። የፈራ ሰው ደግሞ ሲጮኽ የተቆጣ ይመስላል። ጋሽ አምዴ ለመኗት፤ እትዬ ዘነበች መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ አስካል፦

«እሺ፣ መብራቷን አሠራ። ሦስት ቅዳሜ እሰጥሃለሁ። ከሦስቱ በኋላ ልቤ ካልረጋ ቁልፉን ትሰጠኛለህ» አለች።

እሜቴ ግቢ ውስጥ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ከሆዷ ሥር ሁለት የዘይት ጠብታ ጠብ፣ ጠብ አለ። ሰው ሲያለቅስ እንባ ነው፤ መኪና ስታለቅስ ዘይት ነው።

በማግስቱ ጋሽ አምዴ ወደ ቦጋለ ጋራዥ ሄዱ። ቦጋለ እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ከእጁ ይፈጥናል።

«ጋሼ፣ ዘመኑ የኤልኢዲ ነው!» አላቸው። «ኤልኢዲ አምፖል ትንሽ በልቶ ብዙ ያበራል። ግማሹን ብቻ መቀየር ምን ያደርጋል? ሁሉንም እንቀይራቸው!»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም!»

ሁሉንም ነቀለ፤ ሁሉንም ተከለ። ለፊት ሁለት ነጮች፣ ለፍሬቻ ብርቱካናማዎች፣ ለኋላና ለስቶፕ ሁለት ቀያዮች። አሮጌዎቹን ሊጥላቸው ሲል ጋሽ አምዴ እጁን ያዙት። «ዕድሜዬን ሙሉ ያበሩልኝን እንዴት እጥላለሁ?» ብለው በመሐረብ ጠቀለሏቸውና ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀመጧቸው። ወርቄና ብርቄ ጨለማ ውስጥ ተቃቅፈው ተኙ።

አዲሶቹ እንዴት እንደገቡ ልንገራችሁ። ነጮቹ ሳይጠሩ ገቡ። «ወግዱ! ከእንግዲህ ጨለማ የሚባል የለም!» አሉ። ብርቱካናማዎቹ ግራ ቀኙን እያዩ ገቡ። ቀያዮቹ መንትዮች ግን ደጅ ላይ ቆሙና «ቤቶች!» አሉ።

«ግቡ ልጆቼ፣ ደጁ ክፍት ነው» አሏቸው አባ ባትሪ።

ገቡ። እንደ አዲስ ምራት ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ከጥግ ተቀመጡ። ገበታ ሲቀርብ ከዳር ቆንጠር አድርገው «ጠግበናል» አሉ። ወርቄ ከኪሱ ውስጥ ሆና ሰማች። «ማስመሰል ነው፤ ሁሉም ምራት መጀመሪያ እንዲህ ናት» አለች።

«እውነቷን ነው» አለች ብርቄ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። ሄዱ፤ ፀጉር ተሠራ፤ አመሻሽ ላይ ተመለሱ። ጣርማ በር አጠገብ ሲደርሱ ጉሙ ከገደሉ ተነሣ።

«ማነው?» አለ ጉሙ።

«እኛ ነን፣ ነጮቹ! ገለል በል!»

ጉሙ ሳቀ። «እኔም ነጭ፣ እናንተም ነጭ። ምን ያጣላናል? ኑ፣ ቤታችሁ ነው» አለና እቅፍ አደረጋቸው።

ያኔ ጋሽ አምዴ ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ ተገተረ። ነጮቹ «ጨምር!» ሲሉ ግድግዳው ነጣ፤ «ጨምር!» ሲሉ ባሰበት። ደግሞ ብርሃናቸው ወደ ታች አይወርድም፤ ሽቅብ፣ ወደ ጎን፣ ሄዶ ሄዶ ዛፍ ላይ ይወጣል። በዚያች ሰዓት ባለ ጎፈር ጭላዳ፣ ሚስቶቹንና ልጆቹን አስከትሎ፣ ገደል ውስጥ ወዳለው ማደሪያው መንገዱን ያቋርጥ ነበር። ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ ገባ። መንገድ መሀል ደርቆ ቀረ።

«ዓይኔን! ዓይኔን!» አለ።

ጋሽ አምዴ ፍሬን ረገጡ። እሜቴ ተንሸራተተች፣ ተንሸራተተችና ከጭላዳው ጎፈር ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ጭላዳው ዓይኑን እያሸ፦

«እናንተ ሰዎች፣ ብርሃን ለሚያየው ብቻ ነው እንዴ? የሚበራበትስ?» አለና ልጆቹን ቆጥሮ ሄደ።

ጋሽ አምዴ መብራቱን አጥፍተው ጉሙ እስኪሳሳ ቁጭ አሉ። ቤት ሲደርሱ አስካል በር ላይ ቆማለች። የሆነውን ሲነግሯት ምንም አልተቆጣችም። «አንድ» ብቻ አለች።

ቦጋለ መጥቶ ነጮቹን ወደ መሬት አጎነበሳቸው። «አሁን ይበቃቸዋል» አለ። እነሱም አኮረፉ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ደረሰ። የዚያን ቀን ጉም የለም ማለት ይቻላል፤ ስስ ናት። ግን ከኋላቸው ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና አለ። የዚያን ቁልቁለት ሾፌሮች ወግ የማታውቁ ስሙኝ። ከፊት ያለው መኪና ቀስ ብሎ ሲሄድ ከኋላው ያለውን በፍሬቻ ያናግረዋል። የቀኝ ፍሬቻ ካሳየው «መንገዱ ነፃ ነው፣ እለፍ» ማለቱ ነው። የግራውን ካሳየው «ቆይ፣ ከፊት የሚመጣ አለ» ማለቱ ነው። እዚያ ተራራ ላይ ሰው በአፉ አይነጋገርም፤ በፍሬቻ ነው።

ጋሽ አምዴ ከታች አውቶቡስ ሲመጣ አዩ። ወዲያው የግራውን ፍሬቻ አበሩ፤ «ቆይ!» ማለታቸው ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ አያ ቀጭቀጬ የሚባል ትንሽ የቆርቆሮ ሽማግሌ አለ፤ ፍሬቻውን የሚያበራና የሚያጠፋው እሱ ነው። ፍሬቻ በበራ ቁጥር «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። የዚያን ቀን ግን ድምፅ የለም። ብርቱካናማው ፍሬቻ በርቶ ደርቆ ቀረ። አይጠፋ፣ አይበራ፤ እንደ ደነገጠ ሰው ዓይን ፍጥጥ።

የተሳቢው ሾፌር አየው። «ሽማግሌው መብራት ረስተው ነው» አለና ሊያልፍ ወጣ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ተሳቢው ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ እሜቴን በነፋሱ አንገዳገዳትና በጣት ስፋት አለፈ። እትዬ ዘነበች ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ፦

«አምዴ፣ ያ ቀጭ ቀጭ የት ሄደ?» አሉ።

ቤት ሲደርሱ የእናቷን ፊት አይታ አስካል ሁሉን ተረዳች። «ሁለት» አለች። «ሦስተኛውን አልጠብቅም። ቁልፉን ስጠኝ።»

ያኔ ዝምተኛዋ እትዬ ዘነበች ቀና አሉ። «ሦስት ብለሻል ልጄ። ቃል ቃል ነው። ሌላው ቢቀር ለደስታ ‹ከእንግዲህ አልመጣም› ብዬ ልሰናበታት።»

አስካል ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሺ» አለች። «ግን እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

በዚያ ሳምንት እሜቴ አልነሣም አለች። ጋሽ አምዴ «እንዴት አደርሽ?» ቢሏት መልስ የለም። ለምን? ውስጥ ሽምግልና ተቀምጠው ነበራ! አባ ባትሪ ዳኛ፣ ሁሉም ዙሪያውን።

«አያ ቀጭቀጬ፣ ለምን ዝም አልክ? ሰው ልትጨርስ ነበር» አሉ አባ ባትሪ።

አያ ቀጭቀጬ እየተንቀጠቀጠ ተናገረ። «አባቴ፣ እኔ በሙቀት የምኖር ነኝ። የፍሬቻዋ አሮጌ አምፖል ስትበላ ምግቧ በእኔ በኩል ያልፋል። ስሞቅ ‹ቀጭ› ብዬ አጠፋለሁ፤ ስቀዘቅዝ ‹ቀጭ› ብዬ አበራለሁ። እነዚህ ግን ፍርፋሪ ነው የሚበሉት። እኔ ጋ የሚደርስ ሙቀት የለም። ብርድ ገደለኝ!»

ብርቱካናማዎቹ ከፋቸው። «ትንሽ መብላታችን ጥፋት ሆነ?»

«ጥፋትስ አይደለም። ቦታችሁ አይደለም እንጂ» አሉ አባ ባትሪ።

«የእኛስ?» አሉ ነጮቹ። «እኛ እንኳ ብርሃን አላነሰንም!»

ወርቄ ከኪሱ ውስጥ ሆና መለሰች። «ያ ጎድጓዳ መስታወት በእኔ ልክ ነው የተሠራው። የእኔን ቀሚስ ለብሳችሁ እዚህ ሲጠብባችሁ እዚያ ሲሰፋባችሁ፣ ብርሃናችሁ ዛፍ ላይ ወጣ።»

«እውነቷን ነው» አለች ብርቄ።

«አንቺስ ወርቄ» አሉ አባ ባትሪ፣ «ብትመለሺ ምን ታመጫለሽ? ደክመሽ አልነበረም እንዴ?»

ወርቄ ድምፅዋ ተሰበረ። «የደከምኩት አርጅቼ መሰላችሁ? ርቦኝ ነው! ስንት ዘመን ከዚህ ገበታ ሳልጠግብ ተነሣሁ። ማንም ‹በላሽ ወይ?› አላለኝም።»

ሁሉም አቀረቀሩ። አባ ባትሪም አቀረቀሩ፤ እውነት ነውና። ለሁሉ ለማዳረስ ሲሉ ለማንም አልበቃም ነበር።

ያኔ፣ ከገቡ ጀምሮ ከ«ጠግበናል» በቀር ድምፃቸው ያልተሰማው ቀያዮቹ መንትዮች ተናገሩ። «አባታችን፣ እኛ የምር ነው የጠገብነው። ፍርፋሪ ይበቃናል። ከእኛ በፊት የነበሩት የኋላ መብራቶች ይበሉት የነበረው ድርሻ ሳይነካ ገበታው ላይ አለ። ለእማማ ወርቄና ለእማማ ብርቄ ይሁን።»

«ምን?» አለች ወርቄ። «ከትናንት ወዲያ ከመጣች ምራት እጅ እኔ ልጉረስ? ሞቼ ነው ቆሜ! አልጎርስም!»

ሁሉም ወደ ብርቄ ዞሩ። ብርቄ «እውነቷን…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜዋ የራሷን ቃል ተናገረች።

«እኔ ግን ርቦኛል» አለች።

ጋሽ አምዴ ያን ጊዜ የኋላውን ወንበር አንሥተው ጆሯቸውን ባትሪው ላይ ደቅነው ነበር። ሰሙ ወይስ ገመቱ? አትጠይቁኝ። ዕድሜ ልኩን አብሮ የኖረ ሰው የባልንጀራውን ሆድ ያውቃል። ተነሥተው ቦጋለ ዘንድ ሄዱ።

«ቦጋለ፣ የፊቱንና የፍሬቻውን አሮጌዎች መልስልኝ። ቀያዮቹ ይቆዩ።»

«ጋሼ! አዲስ ነቅሎ አሮጌ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው መኪናዬን አይነዳልኝም።»

ቦጋለ ራሱን እያከከ ሠራው። ነጮቹን እዚያው ጋራዡ ውስጥ ሰቀላቸው፤ ሞተር ሥር ተኝቶ ሲሠራ እንዲያበሩለት። እዚያማ ነገሡ! ጥርት አድርገው የሚያዩት ብሎንና ሽቦ እንጂ ጉም የለባቸው። ብርቱካናማዎቹንም በሩ ላይ ሰቀላቸው፤ ሌት ተቀን ቢፈጡ የሚቆጣቸው የለም። ደስ ብሏቸው ኖሩ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። አስካል ከኋላ ተቀመጠች፣ ልክ ከአባ ባትሪ በላይ። ደብረ ብርሃን ደረሱ። እትዬ ደስታ የእኅታቸውን እጅ እንደያዙ ራሳቸውን ሰጡ። እትዬ ዘነበች ፈቱ፣ አበጠሩ፣ ጎነጎኑ። የዚያን ቀን ቀስ ብለው ነበር የሚሠሩት፤ እንዳያልቅባቸው።

«ዘነቡ፣ ቅዳሜ ትመጪ የለም?» አሉ እትዬ ደስታ።

እትዬ ዘነበች ልጃቸውን አዩ። አስካል መስኮቱን አየች። «ቀና በይ፣ ጎንጉኜ ልጨርስልሽ» ብለው እትዬ ዘነበች አለፉት።

አመሻሽ ላይ መንገድ ጀመሩ። ዋሻውን እንዳለፉ ጉሙ ተነሣ፤ ያን ቀን ወፍራም ነው፣ ገደሉን ሞልቶ ፈስሷል።

«ማነው?» አለ ጉሙ።

«እኔ ነኝ፣ ወርቄ።»

«ያቺ ደካማዋ?»

ወርቄ ልታበራ ታገለች። ብርሃኗ ከአፍንጫዋ አላለፈም። ያኔ ከኋላ፣ በሽቦው በኩል፣ ቀያዮቹ መንትዮች የመጀመሪያውን ጉርሻ ላኩ።

«እማማ፣ ጉረሱ፤ በሞቴ!»

«አልራበኝም!» አለች ወርቄ። ብርቄ ግን የራሷን ጎርሳ የእኅቷን አፏ ላይ ደቀነችላት። ወርቄ እየተቆጣች ጎረሰች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ፊቷን አዞረች።

ሁለተኛውን ላኩ። «አፈር ስንሆን፣ እማማ!» ወርቄ ዝም ብላ ጎረሰች። ሞቅ አላት። ፊቷን መለሰች።

ሦስተኛውን ሲልኩ አልለመኑም፤ እሷም አልጠበቀችም። አፏን ከፈተች። ልጆቼ፣ ያኔ ወርቄ በራች! እንደ ልጅነቷ በራች! ብርቄም በራች። እንደ ነጮቹ ጉሙን በጡጫ አልገጠሙትም፤ ቢጫው ብርሃናቸው ጎንበስ ብሎ ከጉሙ ሥር ገባና አስፋልቱን አስፋልቱን ሄደ።

«አንቺስ አትታገዪኝም» አለ ጉሙ ተገርሞ፤ «ከሥሬ ታልፊያለሽ።»

የመንገዱ ጠርዝ ታየ። ሣሩ ታየ። ጠጠሩ ታየ። ጥቂት እንደሄዱ ወርቄ ጮኸች፦

«ድንጋይ!»

«እውነቷን ነው! ድንጋይ!» አለች ብርቄ።

መንገዱ ላይ ሦስት ድንጋይና አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተደርድሯል። እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚደረድር፣ መኪናው የተበላሸበት ሾፌር ነው፤ «ከፊት መኪና ቆሟል፣ ተጠንቀቅ» ማለቱ ነው። እውነትም ከድንጋዩ ወዲያ አንድ ጭነት መኪና መብራት የሌለው፣ ጉም ለብሶ፣ ጥቁር ቆሟል።

ጋሽ አምዴ ፍሬን ረገጡ። ከኋላቸው ግን እህል የጫነ ተሳቢ ቁልቁል እየመጣ ነው። ወፍራም ጉም፣ ከባድ ጭነት። ያኔ ቀያዮቹ መንትዮች፣ እነዚያ ደጅ ላይ ቆመው «ቤቶች» ያሉት ዓይነ አፋሮች፣ ባላቸው ኃይል ሁሉ ጮኹ። በቀይ ጮኹ! «ቁም!» አሉ። ጋሽ አምዴም የግራውን ፍሬቻ አበሩ። አሮጌዋ የፍሬቻ አምፖል ድርሻዋን ጎረሰች፤ ሙቀቱ አያ ቀጭቀጬን ዳሰሰው።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። «ቆይ። ቆይ። ቆይ።»

ተሳቢው ፍሬኑ «ፍስስስ» አለ፣ ጎማው አቃሰተ፣ መጣ፣ መጣና ቆመ። የሞተሩ ሙቀት የእሜቴን ጀርባ እስኪነካ ድረስ መጥቶ ቆመ።

ሾፌሩ ወርዶ እየሮጠ መጣ። መስኮቱን ያዘ።

«አባቴ፣ ተረፋችሁ?»

«ተርፈናል ልጄ።»

«ጉሙ ውስጥ ያ ቀይ ባይጮኽብኝ እላያችሁ ላይ ነበርኩ! ፍሬቻዎ ‹ቆይ› ሲለኝ ነው የገባኝ። እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ፣ አባቴ!» አለና የእሜቴን ጣራ በመዳፉ ደባበሰ። ከዚያ ሁሉም አብረው ድንጋዩን አልፈው፣ እሜቴ ከፊት እየመራች፣ ተሳቢው ከኋላ እየተከተለ፣ ቀስ ብለው ወረዱ።

ደብረ ሲና ደረሱ። እሜቴ ግቢው ገባች፤ ጋሽ አምዴ ሞተሩን አጠፉ። ቁልፉን ነቀሉና ወደ ኋላ ዘረጉላት።

«ሦስት» አሉ። «ልብሽ ካልረጋ፣ ይኸው።»

እትዬ ዘነበች ትንፋሻቸውን ዋጡ። እሜቴ ትንፋሿን ዋጠች። አባ ባትሪ፣ ወርቄ፣ ብርቄ፣ መንትዮቹ፣ ሁሉም ጆሯቸውን አቆሙ። አስካል ቁልፉን አየችው። ከዚያ የአባቷን ጣቶች አንድ በአንድ ቁልፉ ላይ አጠፈቻቸውና እጃቸውን ሳመች።

«እማዬ» አለች፣ «ቅዳሜ አክስቴ የእኔንም ፀጉር ትሥራልኝ። ከልጅነቴ ወዲህ ሠርታኝ አታውቅም።»

እትዬ ዘነበች ሳቁ፤ እየሳቁ አለቀሱ። ከፊት ደግሞ ወርቄ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ተጣራች፦

«ልጆቼ፣ እናንተስ በላችሁ ወይ?»

እናንተ ደግሞ አሁን «ድር ቢያብር» ልትሉኝ ነው፤ አውቃለሁ፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው፦

አዲስ ሆነህ ግባ፤ አሮጌውን አጉርሰህ አብራ።

ተረቴን መልሱ፣ የእሜቴን መስታወት በጨርቅ አብሱ!